የእንቁ ጀብሪል እናት

መካነ ሰላም
እሁድ፣ ሰኔ 8 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሀንነሽ ቢተው
የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጣቢያ
ጨንቻ

ብርሀኔ የኔ ዓለም፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ያ የጨንቻ ብርድ ጨከነብሽ ወይስ ለመድሽው? የላክሁልሽ ሹራብ ይድረስሽ አይድረስሽ አልነገርሽኝም። መቼም ለጓደኛሽ ሰጥተሽዋል፤ ከሰጠሽም ግድ የለም፣ ሌላ እየሠራሁልሽ ነው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፣ ግን ለማማረርም ጊዜ አጥቷል። ሱቁ በር ላይ ስለ መሬት አዋጁ የሚከራከር ሰው ሲያስተናግድ ይውላል። ጨው የሚገዛ ጠፋ እንጂ ወሬ ይዞ የሚመጣስ ሞልቷል።

ያረምሽልኝ መልመጃ ማክሰኞ ዕለት ደረሰኝ። አስራ ሰባት ከሃያ። ብርሀኔ፣ ደስታዬን በምን ቃል ልንገርሽ። ደሴ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አያትሽ በቅሎ ልከው አስመጥተው ከዳሩኝ ጀምሮ ለኔ ማርክ የሰጠኝ ሰው የለም። ወረቀቱን ይዤ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ወደ ሱቅ ሄድኩ። አባትሽ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ሦስቱን የት ጣልሻቸው?» አለኝ።

«አንተ ብትፈተን አንዱንም አታገኝ» አልኩት።

«እኔማ ባላገኝም አልጠፋብኝም» አለና ሳቀ። ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር «እስኪ ያቺን ወረቀት አምጫት» ሲለኝ ነው የዋለው።

ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። ገበሬ ፊደል አስቆጥሪ ተብለሽ ዘምተሽ፣ በቀይ እስክሪብቶ የእናትሽን እንግሊዝኛ ታርሚያለሽ። እኔ ግን ትተሽልኝ የሄድሽውን የአስረኛ ክፍል መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለበጥኩ፣ ባዶ ቦታውን እየሞላሁ፣ ምንባቡን እያነበብኩ ጥያቄውን ስመልስ ከጎኔ የተቀመጥሽ ይመስለኛል። ስህተቴ ሲበዛ ያንቺ ጽሕፈት ይበዛል። አንዳንዱን አውቄ ነው የምሳሳተው ብልሽ አትቆጪ።

በሚያዝያ ያዘዝሽኝን ግን እስካሁን አልላክሁልሽም። «ለማታውቂው ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ፣ መቶ ሃምሳ ቃል» ያልሽውን። ሰነፈች ብለሽ ይሆናል። ጽፌዋለሁ። ልኬዋለሁም፤ ላንቺ አልነበረም እንጂ። ይሄን ልነግርሽ ስንት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ዛሬ አባትሽ «ንገሪያት፣ ሕፃን አይደለችም» ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ላይ የተተከለው የድርቅ መጠለያ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ እንደገባሁ ታውቂያለሽ። በጥር ወር አንዲት ፈረንጅ ነርስ መጣች፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ከአማርኛ የምታውቀው «ብሉ፣ ጠጡ፣ አብሽሩ» የሚለውን ብቻ ነው። የሚጽፍላት ሰው ስትፈልግ እንግሊዝኛ የሚችለው ወጣት ሁሉ ዘምቷል። የተገኘሁት እኔ ነኝ። አባትሽ «እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ አስተርጓሚ የነበረች ሴት ናት» እያለ ለሰው ያስተዋውቀኝ ጀመር።

ሥራዬ ካርድ መሙላት ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ። ፈርስት ኔም፣ ፋሚሊ ኔም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት አገር። መጽሐፍሽ ላይ እንደዚያው ያለ ቅጽ ሙሉ የሚል መልመጃ ስለነበር ስፈራ ስቸር አልጀመርኩትም። ፈርስት ኔም የራስ ስም፣ ፋሚሊ ኔም የአባት ስም። አራት መቶ ስልሳ ካርድ ሞላሁ። እጄ እስኪዝል ድረስ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖረው። ሲስተር የካርዶቹን ጥራት እያየች «ቬሪ ኒት» ስትለኝ ልቤ ሞቅ ይል ነበር።

ካርዶቹ ደሴ ሄደው በዝርዝር ሆነው ተመለሱ። እዚያ ያሉት ሰዎች በፋሚሊ ኔም ነው የለዩአቸው። በነሱ አገር ባልና ሚስት፣ ልጅም፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ስማቸው ከተመሳሰለ አንድ ቤት ናቸው፣ ከተለያየ ባዳ ናቸው። በዚያ ዝርዝር ቢሆን ኖሮ ብርሀኔ፣ አንቺ ቢተው እኔ አካሉ ነንና አንተዋወቅም ነበር።

መጀመሪያ ያሳቀን ነበር። የአባታቸው ስም አህመድ የሆነ አስራ አንድ ሰዎች አንድ ቤተሰብ ተብለው አንድ ድንኳን ተሰጣቸው። አንዱ ከወግዲ፣ አንዱ ከከለላ፣ ሌላው ከአባይ ዳር ቆላ የመጣ ነው። እማማ ይታይሽ አህመድ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ በረሃብ መካከል እንኳ አፋቸው ያልደከመ። ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩና፣ «አባቴ ይሄን ሁሉ ወልዶ ነው ሳይነግረኝ የሞተው?» አሉ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከስንት ወር በኋላ በዚያ ሜዳ ላይ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ሲስተር ምን እንዳሳቀን ጠየቀችኝ። ላስረዳት ጀመርኩ። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም ለማለት ፈለግኩ። ቃሉ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይጠፋብኛል፣ እሷም ሰዓቷን ታያለች፤ አፈርኩና «ኢት ኢዝ ኦልራይት» ብዬ ተውኩት። ምነው ያን ቀን ብንተባተብም፣ ቢስቁብኝም፣ እስከ መጨረሻው ተናግሬው ቢሆን ኖሮ።

መጋቢት 20 ቀን ከደሴ መኪና መጣ። ቤተሰብ የሌላቸው ልጆች ወተትና አልጋ ወዳለበት ማቆያ ይወሰዳሉ ተባለ። ሲስተር ዝርዝሩን ሰጥታኝ ሣጥን ላይ ቆሜ አነበብኩ። ሰባት ስም። ሰው ሁሉ ይሰማኛል፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የእንግሊዝኛው አነባበብ ሳይበላሽብኝ፣ እንደ ተማሪ አነበብኩ። አራተኛዋ እንቁ ጀብሪል ነበረች። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የቆርቆሮ ጣሳ ይዛ መጣች። መኪናው ከፍ ያለ ስለሆነ ብብቷን ይዤ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ምንም ክብደት የላትም። እናት አለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ዝርዝሩ ቤተሰብ የላቸውም ይላል፤ ዝርዝሩ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አመንኩት። መኪናው ሲሄድ ሲስተር ትከሻዬን መታ አድርጋ ጥሩ አነበብሽ አለችኝ። እኔም ቤት ገብቼ ለአባትሽ ነገርኩት።

ሚያዝያ 5 ቀን አንዲት ሴት የድንኳን ገመድ እየያዘች ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ከትኩሳት የተነሳች ናት፤ የታመመ ሰው ለብቻው በሚተኛበት ድንኳን ሃያ ቀን ተኝታ ነበር። ፀጉሯን ተላጭታለች።

«እትዬ፣ የኔን ልጅ የሚያውቋት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለች።

«ስሟ ማን ነው?»

«እንቁ።»

«የማን ልጅ?»

«የኔ ናታ።»

«የአባቷን ስም ነው የጠየቅኩሽ።»

«ጀብሪል። መንገድ ላይ የቀረው።»

የሷ ካርድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አልታየች አህመድ ይላል፤ ጽሕፈቱ የኔ ነው። እሷ ከአስራ አንዱ አንዷ ናት። ልጅቷ ደግሞ በዚያ ሜዳ ሁሉ ብቸኛዋ ጀብሪል ነበረች። እናትየው ስትታመም እማማ ይታይሽ ናቸው ሲጠብቋት የነበሩት፤ መኪናው የመጣ ዕለት ዱቄት ለመቀበል ተሰልፈው ነበር። ሲመለሱ ለሰው ሁሉ ጮኸዋል። ለኔ የነገረኝ የለም፤ ወይም ነግሮኝ አልሰማሁም።

«ደህና ቦታ ናት፣ አብሽሪ» አልኳት። «አልሀምዱሊላህ» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያ ያምጧት» አለች። ይሄው ነው። አልጮኸችብኝም።

ያኔ ሲስተር ወደ ኩታበር መጠለያ ተዛውራ ነበር። እኔ የዚያኑ ዕለት በአማርኛ ደብዳቤ ጽፌ፣ የአባትሽን ጨው በሚያመጣው በሹፌሩ በቸኮል እጅ ደሴ ወዳለው የልጆች ማቆያ ላክሁ። ቸኮል የተመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። «ደብዳቤሽን በዓይኔ አየሁት» አለኝ። «ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ሌላ ወረቀት ተከምሮበታል። ልጅ የሚለቀቀው የማቆያው ኃላፊ ፈረንጇ ስትፈርም ነው፤ እሷ አማርኛ አታነብም፤ የሚያነብላት ልጅ ዘምቷል።»

«ታዲያ አንተ አትነግራትም?»

«እኔ ከመኪና ጋር ነው የምነጋገረው፤ ከነጭ ጋር ከተገናኘሁ ጥሩምባ ነፍቼ አልፋለሁ።» ከዚያ ፊቴን አየና ቀልዱን ተወ። «በነሱ ቋንቋ ጻፊላት እትዬ ሸዋረግ፣ እጇ ላይ አስቀምጥልሻለሁ» አለኝ።

ይሄ ነው ያዘዝሽኝ ደብዳቤ፤ ለማታውቂው ሰው። አልታየችን ሱቅ ይዣት መጥቼ ጆንያ ላይ አስቀመጥኳት። ከመጽሐፍሽ የደብዳቤ ምሳሌውን አወጣሁ፤ አንዲት ልጅ ባሕር ዳርቻ ለምትኖር አክስቷ የጻፈችው ነው። አድራሻ በቀኝ በኩል፣ ቀን ከሥሩ፣ ከዚያ ዲር ማዳም። የልጅቷ ደብዳቤ የሚጀምረው ስለ አየሩ ማማር ነው። እኔም በዚያው ጀመርኩ። ከዚያ ቀና ስል አልታየች እያየችኝ ነው።

«ምን አሉልኝ?» አለች።

«አየሩ መልካም ነው ብዬ።»

«ዝናብ ስለሌለ ነው?» አለችኝ።

ያንን ወረቀት ቀደድኩት።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ግሱን እለውጣለሁ፣ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ፣ ኮማ እጨምራለሁ፣ አወጣለሁ። ልጅቷን የምትለይበትን ምልክት ንገሪኝ ስላት፣ ስትስቅ ዓይኗ ይጨፈናል፣ ውሃ ስትጠጣ ጣሳውን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው፣ ሲጠሯት አቤት አትልም እየሮጠች ትመጣለች ትለኛለች። ይሄን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር አልቻልኩም። አንዱን ብቻ ጻፍኩ፤ በሁለት እጇ ትጠጣለች የሚለውን። በሁለተኛው ቀን አልታየች ትዕግሥቷ አለቀ።

«ይሄ ሁሉ ለአንዲት ልጅ ነው እትዬ? እኔ ብሆን ‘ልጄን’ ብያቸው ወጥቼ ነበር።»

አባትሽ ያን ጊዜ አንዴም አልቀለደብኝም። ሊያወራ የመጣውን ሁሉ «ውጡልኝ፣ ሰው እየጻፈ ነው» እያለ ከበር ይመልስ ነበር።

በመጨረሻ ያለ አየር፣ ያለ ሰላምታ፣ አጭር አጭር አድርጌ ጻፍኩት። እኛ ዘንድ ሴት የባሏን ስም አትይዝም። አልታየች የአህመድ ልጅ ናት። እንቁ የጀብሪል ልጅ ናት። ጀብሪል የአልታየች ባል ነበር፤ ሞቷል። እናትና ልጅ ናቸው። ካርዱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የኔ ነው። እባክዎን ልጅቷን በዚህ ሹፌር መኪና ይላኩልን። ግንቦት 6 ቀን ቸኮል ይዞት ሄደ። ብርሀኔ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ፖስታውን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ የጻፍኩት ምርጥ ነገር እሱ ነው።

መልሱ የደረሰው ግንቦት 27 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ቸኮል ፖስታውን ሰጥቶኝ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ። በታይፕ የተመታ፣ ስድስት መስመር። አልታየች ጆንያው ላይ ተቀምጣ ፊቴን ታያለች። አነበብኩት። ሳልሳሳት አልቀረሁም ብዬ እንደገና አነበብኩት። አንድም የማላውቀው ቃል የለበትም። ደብዳቤዎ ደርሶናል። እንቁ ጀብሪል፣ ቤተሰብ የሌላት፣ ኩፍኝ ይዟት ኤፕሪል 19 አርፋለች፤ ቀብሯ ተፈጽሟል። ስለ እንቁ ጀብሪል እናዝናለን። ኤፕሪል 19ን በጣቴ ቆጠርኩ። ሚያዝያ 11 ነው። የአማርኛው ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ማለት ነው። እኔ ኮማ ሳወጣና ሳገባ እሷ ከተቀበረች ወር ሊሞላት ነበር።

መርዶ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውንም አይነግረውም። የዚህ አገር ልጅ ነሽና ይሄን አላስተምርሽም።

«ምን አሉ?» አለች።

«ደብዳቤሽ ደርሶናል ብለዋል» አልኳት። ውሸት አይደለም። «የቀረውን በደንብ አይቼ ነገ እነግርሻለሁ።»

«እስኪ በነሱ አፍ ያንብቡልኝ» አለች። «ስሟን እንዴት እንደሚጠሩት ልስማ።»

ምን ላድርግ? አነበብኩላት። ቃል በቃል፣ ከላይ እስከ ታች፣ በእንግሊዝኛ። አባትሽ ከዕቃ መደርደሪያው በስተጀርባ ቆሞ ነበር፤ ቋንቋውን ባያውቅም ዞሮ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። አልታየች ራሷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ስሟ ሲጠራ ትንሽ ፈገግ አለች። ስጨርስ «አላህ ይስጥዎ» ብላኝ ተነስታ ሄደች።

እኔ ወደ እማማ ይታይሽ ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸው መጠለያው ውስጥ ላሉት ሼክ ነገሩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሼኩና ሰባት ስምንት ሴቶች ሆነን ድንኳኗ በር ደረስን። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እጇን ሊይዙ ገቡ። ቀድማ ተነስታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ቁጭ ብላ አገኘናት። ሼኩ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔን ነው ያየችው።

«ትናንት ሲያነቡልኝ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠሩልኝ» አለች። «የፊተኛውን ደህና አድርገው ጠሩት። የኋለኛው ጊዜ ድምፅዎ ከዳዎት።»

«አውቀሽ ነው እንዴ ዝም ያልሽው?» አሏት እማማ ይታይሽ።

«እሳቸውም ጨንቋቸዋል» አለች። «ደሞ አንድ ሌሊት እናት ሆኜ ልደር ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልጽፍልሽም።

አንቺ ራስሽን ምንም እንዳትወቅሺ። ፋሚሊ ኔም የአባት ስም ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ ልክ ነው፤ ለነሱ አገር ልክ ነው። ካርዱ ላይ ያለው እጅ ግን የኔ ነው፤ ልጅቷንም አንስቼ መኪና ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። መጠለያውን አልተውኩም። አሁን ካርድ ስሞላ በጀርባው በአማርኛ «የእገሊት ልጅ፣ የእገሌ እናት» ብዬ እጽፍበታለሁ። ሲስተር ከኩታበር መጥታ አየችው፤ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ በዚህ ጊዜ ቃል አላጣሁም። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

አልታየች ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሱቅ መጣች። መሬቱ የናንተ ሆኗል ተብላለች፤ የሚያርስላት የለም እንጂ። ወደ ወግዲ ልትመለስ ነበር። «ያቺን ወረቀት እያንዳንዱን ቃል ይተርጉሙልኝ» አለች። ተረጎምኩላት። «ቤተሰብ የሌላት» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«እንደዚያ ብለው ነው የቀበሯት?»

«እንደዚያ ብለው ነው።»

«እንግዲያ ይጻፉላቸው» አለች። «ልጄን አይመልሱልኝም። ወረቀታቸውን ያቅኑልኝ።»

ጽፌዋለሁ ብርሀኔ። ከዚህ ጋር አንድ ገጽ አስገብቼልሻለሁ። ጽፌ ሳበቃ አልታየች አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከታች አትማበታለች፤ ከዚያ በእግሯ ሄደች። እንቁ እናት ነበራት ይላል። እናቷ ታማ ነበር እንጂ አልተለየቻትም ይላል። መዝገቡ ላይ ይጻፍላት ይላል። አንዲት ስህተት እንዳትቀርበት አርገሽ እረሚልኝ፤ ቸኮል ለደሴዋ ሴት እስኪያደርሰው የሚጠብቀው ያንቺን እጅ ነው። ግን ፋሚሊ ኔም ከሚለው ፊት ለፊት አልታየች ብዬ ጽፌያለሁ። እንደ መጽሐፉ ስህተት ነው። እሱን አትንኪው።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ ስትጽፊ ባትቸኩይ መልካም ነው ይልሻል። የሄድሽበትን አገር ሰው ሁሉ እናት እናት አድርጎ ይስጥሽ። ብርዱም ይራራልሽ። ያሳደገኝ አምላክ፣ አልታየች የምትለምነውም አላህ፣ በደህና ወደ ቤትሽ ይመልስልኝ።

እናትሽ
ሸዋረግ አካሉ